ሐኪምና ታካሚ በርቀት ሲገናኙ፦ የቴሌሜዲሲን ጥቅምና ወሰን በበርበሬ በረንዳ ሳል ምሳሌነት

መግቢያ

ሐኪምና ታካሚ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይገናኙ በስልክ፣ በምስል ወይም በጽሑፍ መልእክት አማካይነት የሚያደርጉት ምክክር በአገራችን እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አንድ የጤና ባለሙያ በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ከቀድሞ ታካሚው ስልክ ተደውሎለት ስለ ሕመም እንደተጠየቀ ቢቆጥር ራሱ ይገረማል። ስለሆነም የርቀት ሕክምና ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል። ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የትኛው የጤና ችግር በርቀት ሊታይ ይችላል፣ የትኛው አይችልም፣ ባለሙያውስ ድንበሩ ላይ መድረሱን በምን ያውቃል የሚለው ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በጥቅሉ ከማየት ይልቅ አንድ ምልክትና አንድ ቦታ መርጦ ለማስረዳት ይሞክራል። ምልክቱ ሳል ነው፤ ቦታው ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው በርበሬ በረንዳ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በበርበሬ በረንዳ ሳል የተለመደ በመሆኑ ማንም ትኩረት አይሰጠውም። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ይቸገራል። ስልክ ግን በኪሱ አለ። የርቀት ሕክምና እጅግ የሚጠቅመውም እጅግ የሚያሳስተውም እነዚህ ሦስት ነገሮች በተገናኙበት ቦታ ነው።

1. አጭር ታሪካዊ አመጣጥ

ሕክምናን በሽቦ የማስተላለፍ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን መሣሪያ የፈለሰፉት የኔዘርላንዱ ሊቅ ዊለም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1905 በላይደን ከተማ ከሆስፒታል ወደ ቤተ ሙከራቸው በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት የታካሚዎችን የልብ ምዝገባ በስልክ ሽቦ ማስተላለፍ ችለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ በባሕር ላይ ለሚገኙ መርከበኞች በሬዲዮ የሕክምና ምክር የሚሰጥ ማዕከል በሮም ተቋቋመ።

ለርዕሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተጀመረው ሥራ ነው። በዚያ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ከሚገኝ የሕክምና ጣቢያ ጋር በቴሌቪዥን መስመር ተገናኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነበር። ሐኪሞቹን ያስቸገራቸው የተሽከርካሪ መጨናነቅና በመንገድ ላይ የሚባክነው ጊዜ ነበር። ስለዚህ የርቀት ሕክምና ለሩቅ ገጠር ብቻ የተፈጠረ ዘዴ ሆኖ መታየት የለበትም። ከጤና ጣቢያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ላለ፣ ነገር ግን የቀን ገቢውን ሳያጣ ከሥራው ሊነሣ ለማይችል ሰውም ርቀት ርቀት ነው።

በአገራችን የተደረጉት ሥራዎች በሁለት መልክ ሊታዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሆስፒታልን ከሆስፒታል የሚያገናኘው ነው። የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡትን የመላ አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መረብ ሐሳብ መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2007 የሙከራ ሥራው በኢትዮጵያ ተጀመረ። በዚሁ ሥራ የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች በሕንድ በሃይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር።

ሁለተኛው ሕዝቡን በቀጥታ ከባለሙያ የሚያገናኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው «ወገን» የተባለው የኤድስ ነፃ የስልክ መስመር በ952 ቁጥር ለብዙ ጠያቂዎች ምክር ሰጥቷል። በኋላም «ሄሎ ዶክተር» የተባለ የግል አገልግሎት በ8896 አጭር ቁጥር ደዋዮችን ከሐኪም ጋር ማገናኘት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ ሲገኝ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የ8335 መስመር የወረርሽኙ መከላከያ አንድ ክንድ ሆኖ አገልግሏል።

ከሁለቱ መልኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሳተላይት ሳህንና ውድ መሣሪያ የጠየቀው ሥራ በመሣሪያው፣ በመስመሩና በሠለጠነ ሰው መኖር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ተራ ስልክን የተጠቀመው ግን በቀላሉ ወደ ሕዝቡ ደረሰ። ሆኖም የስልክ መስመር በቀላሉ መድረሱ በቀላሉ መሳሳትንም ሊያስከትል ይችላል።

2. የበርበሬ በረንዳ ሳል

በርበሬ በረንዳ ከማረቆ፣ ከአላባና ከሌሎች አካባቢዎች በጆንያ የሚመጣ ዛላ በርበሬ የሚራገፍበት፣ የሚመዘንበት፣ የሚቀነጠስበትና የሚሸጥበት ቦታ ነው። በዚያ የሚውሉት ሰዎች ነጋዴዎች፣ ጆንያ የሚያወርዱ ተሸካሚዎች፣ ዛላ የሚቀነጥሱ ሴቶችና በአቅራቢያው ባሉ ወፍጮ ቤቶች የሚሠሩ ናቸው። በመንገዱ የሚያልፍ እንግዳ ሲያስነጥስ ነባሮቹ ይስቃሉ፤ እነርሱ ለምደውታልና።

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በመተንፈሻ አካላት ውስጥ የሚገኙ የስሜት ነርቮችን በማነቃቃት ሳል ያስነሣል። ይህ ባሕርይው እጅግ አስተማማኝ በመሆኑ በቤተ ሙከራ የሳልን ስሜት ለመለካት ተመራማሪዎች ካፕሳይሲንን በሚተነፈስ ረቂቅ ጠብታ መልክ ይጠቀሙበታል። እንግዲህ የበርበሬ ሠራተኛ «ሳሉ ከበርበሬው ነው» ቢል ከእውነት የራቀ ነገር አልተናገረም። አደጋው ይህ እውነት ሌሎቹን እውነቶች ሊሸፍን መቻሉ ነው። በብናኝ ውስጥ የሚሠራ ሰው አስም ሊኖረው ይችላል። ሳንባ ነቀርሳም ሊኖረው ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ያመጣው ሳል ወይም የልብ ድካም ሊሆንም ይችላል። አራቱም በስልክ ሲነገሩ «ያስለኛል» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላሉ።

3. ጥቅሞች

3.1 ታሪክ መጠየቅ በስልክም ይቻላል

ከምርመራ ዋነኛው ክፍል የታካሚው ታሪክ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ የታወቀ ጥናት 80 አዲስ የተመላላሽ ታካሚዎችን ተከታትሎ በ66ቱ ላይ ከታሪክ ብቻ የተደረሰበት ግምት ከመጨረሻው የምርመራ ውጤት ጋር የተስማማ ሆኖ አግኝቶታል። አካላዊ ምርመራ ግምቱን የለወጠው በ7 ታካሚዎች፣ ላቦራቶሪ ደግሞ በሌሎች 7 ላይ ነበር። እነዚህ ታካሚዎች ቀደም ሲል በሌላ ሐኪም ታይተው የተላኩ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። ያም ሆኖ ታሪክ በጥንቃቄ ሲጠየቅ ብዙ እንደሚናገር ጥናቱ ያሳያል።

ለምሳሌ በበርበሬ በረንዳ የሚነግድ የ55 ዓመት ሰው ለሁለት ወራት የቆየ ደረቅ ሳል አለብኝ ብሎ ደወለ እንበል። ትኩሳት የለውም፤ አልከሳም፤ በሌሊት አያልበውም። ለዓመታት በብናኙ ውስጥ ሲሠራ እንዲህ አስሎት አያውቅም። ባለሙያው «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሦስት ወር በፊት ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እንደታዘዘለት ይናገራል። በዚህ የመድኃኒት ወገን ምክንያት የሚመጣ ደረቅ ሳል በሚገባ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ የሳል ነርቮች ለካፕሳይሲን የሚሰጡትን ምላሽ ያበረታል። ትናንት የቻለውን ብናኝ ሰውየው ዛሬ ሊችለው ያልቻለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህን ያስገኘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በስልክ ተጠየቀ። ቀጣዩ እርምጃ ግን በአካል ነው። የደም ግፊቱ መለካት፣ ሌሎች ምክንያቶች መታየትና መድኃኒቱ በሐኪም መለወጥ አለበት። በስልክ «ተወው» ተብሎ ያለ ምትክ መድኃኒት የቀረ ታካሚ ከሳሉ ድኖ ለጭንቅላት ደም መፍሰስ ሊጋለጥ ይችላል።

3.2 ለታወቀ ሕመም የሚደረግ ክትትል

ምርመራው ተጠናቆ ሕክምና ለጀመረ ታካሚ የርቀት ክትትል ከሁሉ የላቀ ጥቅም ይሰጣል። አስም ያለባት በርበሬ ቀንጣሽ የሚነፋ መድኃኒቷን እንዴት እንደምትጠቀም በስልክ ምስል ብታሳይ ባለሙያው ስሕተቷን በዓይኑ ያያል። ሳትነቀንቀው፣ ትንፋሿን ሳታስወጣ፣ ነፍታም ትንፋሿን ሳትይዝ እየወሰደች ከሆነ ተጨማሪ መድኃኒት ከማዘዝ በፊት አጠቃቀሟን ማረም ይቀድማል። ይህን በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለማድረግ ጊዜ አይገኝም።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ሌላ ምሳሌ ነው። ታካሚው በየቀኑ ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ በባለሙያ ፊት መድኃኒቱን እንዲውጥ መጠየቁ በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ከባድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሁኔታው በሚፈቅድበት ቦታ በምስል የሚደረግ ክትትል በአካል የሚደረገውን ሊተካ እንደሚችል ተቀብሏል። በአዲስ አበባ በ10 ጤና ጣቢያዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም የ15 ቀን መድኃኒት የሚይዝና ሰዓቱን የሚያስታውስ፣ መከፈቱንም የሚመዘግብ ሳጥን ተሰጥቷቸው በቤታቸው የወሰዱ ታካሚዎች በመድኃኒት አወሳሰድ በየቀኑ ከሚመላለሱት ያላነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

3.3 አላስፈላጊ ጉዞን ማስቀረት

በርበሬ ሲቀነጥስ የዋለ እጅ ማቃጠሉ፣ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ ማስለቀሱ በአመዛኙ በምክር የሚታከም ነው። ካፕሳይሲን በውኃ ብቻ በቀላሉ አይታጠብም፤ በዘይት ይለቃልና እጅን ዘይት ቀብቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይጠቅማል። ዓይንን ግን በብዙ ንጹሕ ውኃ ብቻ ማጠብ ያሻል። ሕመሙ ካልቀነሰ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካስቸገረ ታካሚው ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ምክር ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የግማሽ ቀን ደመወዝም ያተርፋል።

3.4 ባለሙያን ከባለሙያ ማገናኘት

ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ የሆነው የርቀት ሕክምና በሁለቱም ጫፍ ባለሙያ ያለበት ነው። በጤና ጣቢያ ያለ የጤና መኮንን ታካሚውን በእጁ መርምሮ፣ ያገኘውን በሙያ ቋንቋ ገልጾ፣ የራጅ ፊልሙን ምስል አክሎ ስፔሻሊስት ሲያማክር ከአካላዊ ምርመራው የሚጎድለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በከተሞች የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በዚህ ረገድ ትልቅ አቅም ናቸው። ባለሙያዋ በሥራ ቦታው ተገኝታ ትንፋሽ ቆጥራ፣ ሙቀትና የደም ግፊት ለክታ በስልክ ከጤና ጣቢያው ጋር ስትነጋገር ስልኩ ዓይንና እጅ አገኘ ማለት ነው።

4. ወሰኖች

4.1 የማይሰማውና የማይዳሰሰው

አክታ በስልክ አይመረመርም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ የሳሉ ዕድሜ ሳይጠበቅ መመርመር ይኖርበታል። ይህን ሕግ የትኛውም ጥሩ ታሪክ አይሽረውም። ከላይ የተጠቀሰው ኢናላፕሪል የሚወስደው ነጋዴም ቢሆን ሳሉ ሁለት ወር ስለሆነው አክታው መመርመሩ ግድ ነው። አሳማኝ ምክንያት መገኘቱ ሌላው ምክንያት አለመኖሩን አያረጋግጥም። በበርበሬ በረንዳ ጎን ለጎን፣ በጠባብ መጋዘን ውስጥ የሚውሉ ሰዎች መኖራቸውን ስናስብ በስልክ «ብናኙ ነው» ተብሎ የዘገየ አንድ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የትንፋሽ ችግርም እንዲሁ ነው። ስልክ አንዳንድ ነገር ያሰማል። አንድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ለመተንፈስ የሚያቋርጥ ከሆነ ያ ራሱ ከባድ ምልክት ነው። ነገር ግን ታካሚው በአንድ ትንፋሽ እስከ 30 እንዲቆጥር በማድረግ የኦክስጅንን መጠን ለመገመት የተሞከረው ዘዴ በኮቪድ-19 ወቅት በባለሙያዎች ተመርምሮ በቂ ማስረጃ የሌለው ሆኖ በመገኘቱ አልተመከረም። በከባድ አስም ላይ ደግሞ የፉጨት ድምፅ መጥፋት የመሻል ምልክት ላይሆን ይችላል። አየር ጨርሶ መግባት ሲያቅተው ፉጨቱም ይጠፋል። «አሁን ፉጨቱ ተወኝ፣ ግን ደክሞኛል» ያለ ታካሚ በስልክ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን ወደ ሞት እየተቃረበ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ደረቱ ላይ የሚያርፍ ማዳመጫ ነው።

4.2 በቤት ውስጥ የሚደረግ ልኬት

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በገበያ ላይ መገኘቱ የርቀት ሕክምናን አግዟል። ቁጥሩን ለመተርጎም ግን ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ታካሚዎች ላይ የኦክስጅንን መጉደል የመሸፈን ዕድሉ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ያህል የበዛ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤነኛ ሰው ልኬትም በዝቅተኛ ቦታ ካለው በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድን ቁጥር ብቻ ይዞ ማረጋጋትም ማስደንገጥም ተገቢ አይደለም። በበርበሬ የቀላ፣ የቀዘቀዘ ወይም የተቀባ ጥፍር ላይ የተደረገ ልኬትማ ይበልጥ ያጠራጥራል።

4.3 ሕፃናት

እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሚሠሩበት ገበያ «ልጄ ያስለዋል» የሚል ጥሪ መምጣቱ አይቀርም። የሳንባ ምች ምልክት የሆነው ፈጣን ትንፋሽ ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ነው። ይህ የሚቆጠረው ሕፃኑ ተረጋግቶ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ደቂቃው ሙሉ ሆኖ ነው። የተቆራረጠና የሚንቀጠቀጥ ምስል ይህን አያሳይም። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ሲነገር ንግግሩ እዚያው ቆሞ ጉዞ መጀመር አለበት። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ የታመመ ሕፃንም በስልክ አይታከምም።

4.4 ምስጢር መጠበቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በበርበሬ በረንዳ በሱቅ ውስጥ ሆኖ በስልክ የሚናገር ሰው ምስጢሩን የሚሰሙት ሐኪሙ ብቻ አይደሉም። ደንበኛው፣ ተሸካሚውና የጎረቤት ነጋዴው ሁሉ ይሰማሉ። ሐኪሙ «ኤችአይቪ ተመርምረው ያውቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ታካሚው «የለም፣ የለም» ብሎ ከመለሰ መልሱ ለሐኪሙ ይሁን ለአጠገቡ ላሉት ማወቅ ያስቸግራል። በመመርመሪያ ክፍል ውስጥ በር መዝጋት ይቻላል። በስልክ ግን በሩን መዝጋት የሚችለው ታካሚው ብቻ ነው። ስልኩ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ወይም ሚስት በባሏ፣ ሠራተኛ በአሠሪው ስልክ ሲደውሉ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

4.5 ቋንቋ፣ ወጪና ፍትሐዊነት

መርካቶ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ገበያ ነው። አፉን በጉራጌኛ፣ በስልጥኛ ወይም በኦሮምኛ የፈታ ሠራተኛ በአማርኛ ሕመሙን ሲገልጽ የሚጎድልበት ነገር ይኖራል። ፊት ለፊት ሲሆን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ በስልክ ግን ይህ አይታይም። ምስል የሚያስተላልፍ ስልክና የኢንተርኔት ሂሳብ ያለው ነጋዴው ሲሆን ጆንያ የሚሸከመው ድምፅ ብቻ የሚያስተላልፍ ስልክ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በምስል ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት ይበልጥ የተጋለጠውን ወደ ኋላ ሊተው ይችላል።

4.6 ያለ ምርመራ መድኃኒት ማዘዝ

ታካሚው የደወለው መፍትሔ ፈልጎ ስለሆነ ባለሙያው ባዶ እጁን ላለመመለስ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለመናገር ይፈተናል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው የመድኃኒት መላመድን ማስፋፋቱ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ለርዕሳችን የሚቀርበው ነው፤ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ የፍሎሮኪኖሎን ወገን መድኃኒቶች ሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው በማስታገስ ምርመራውን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ሳሉ ለሁለት ሳምንት ጋብ ብሎ ሲመለስ በሽታው ገፍቶ፣ ለሌሎችም ተላልፎ ሊገኝ ይችላል።

5. በሥራ ላይ የሚውል ቅደም ተከተል

በርቀት የሚደረግ ምክክር ከጭውውት ተለይቶ ሕክምና እንዲሆን የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

1ኛ. ማንነትንና ቦታን ማወቅ። ስም፣ ዕድሜ፣ የስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም አሁን የት እንዳሉ መጠየቅ። በመርካቶ የቤት ቁጥር ብዙ ስለማይረዳ ተራውን፣ የሚታወቀውን ሕንፃና ተሽከርካሪ ሊቆም የሚችልበትን ዋና መንገድ ከመጀመሪያው መዝግቦ መያዝ ይገባል። ንግግሩ በድንገት ቢቋረጥ አምቡላንስ የሚሄደው በዚህ መረጃ ነው።

2ኛ. የአደጋ ምልክቶችን ማስቀደም። የትንፋሽ ማጠር፣ ደም ማሳል፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል ካለ ታሪክ መጠየቁ ይቆማል። ታካሚው ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በቀይ መስቀል 907 ወይም በከተማው እሳትና አደጋ 939 እንዲደወል ይደረጋል።

3ኛ. ብቻውን መሆኑን መጠየቅ። «አሁን በነፃነት መናገር ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የግል ጥያቄዎች በፊት ይመጣል። ካልቻሉ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለስ ጥያቄ መምረጥ፣ ወይም ሌላ ሰዓት መቅጠር ይሻላል።

4ኛ. ሁልጊዜ አራቱን መጠየቅ። ለሚያስለው ሰው፦ ስንት ጊዜ ሆነው? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት አለ? የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው? በእረፍት ቀን፣ ከሥራ ቦታ ርቀው ሲውሉ ይሻልዎታል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሥራ ጋር የተያያዘ አስምን ለመጠርጠር ይረዳል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

5ኛ. የመመለሻ ገመድ መተው። «ይህ ከሆነ ይህን ያድርጉ» የሚል ግልጽ ቃል፣ ከነቀኑ። ለምሳሌ «እስከ ዓርብ ካልተሻልዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ማለት «ካልተሻልዎት ይደውሉ» ከማለት ይሻላል። ታካሚው የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር መጠየቅም ይገባል።

6ኛ. መመዝገብ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተነገረው፣ የተመከረውና ያልታየው ነገር ሁሉ ይጻፍ። «ደረት አልተደመጠም» የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ መገኘቱ ቀጣዩን ባለሙያ ካልተገባ መተማመን ይጠብቀዋል።

7ኛ. ሁለተኛ ጥሪን እንደ ማስጠንቀቂያ መቁጠር። ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ የደወለ ታካሚ በሦስተኛው በስልክ መታየት የለበትም፤ በአካል መምጣት አለበት።

6. ሕግና ሥነ ምግባር

የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 አጽድቆ በ2018 ባሻሻለው መግለጫው የሐኪምና የታካሚ የፊት ለፊት ግንኙነት ዋነኛው መለኪያ ሆኖ እንደሚቀጥል አስታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የርቀት ምክክርን የደገፈው የፊት ለፊት አገልግሎትን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ እንዳይሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው።

በአገራችን ምስጢር መጠበቅ የቆየ የሙያ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መካከል መድቦታል። ይህ በየዕለቱ ሥራችን ትርጉም አለው። ባለሙያዎች በቴሌግራም የሚለዋወጡት የራጅ ወይም የቁስል ምስል የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር ካልተሸፈነበት ምክክሩ ጥሩ ቢሆንም ድርጊቱ ምስጢር ማውጣት ነው። የታካሚው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ምስሉም ምክክሩ ሲያበቃና ወደ መዝገቡ ሲገባ ከግል ስልክ መጥፋት አለበት። በስልክ የሰጠው ምክርም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሰጠው ባልተናነሰ ባለሙያውን ተጠያቂ እንደሚያደርገው መታወቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የርቀት ሕክምና ለታሪክ መጠየቅ፣ ለታወቀ ሕመም ክትትል፣ ለምክርና ለባለሙያዎች ምክክር እጅግ ጠቃሚ ነው። አዲስ ሕመምን መርምሮ ለመወሰን፣ ለትንፋሽ ችግር፣ ለሕፃናትና ለተላላፊ በሽታ ጥርጣሬ ግን በራሱ አይበቃም። የበርበሬ በረንዳ ሳል ይህን በአጭሩ ያሳየናል። ስልኩ «የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ሱቁ ያደርሳል፤ የአክታ ዕቃውን ግን አያደርስም።

ስለዚህ ከአንድ የስልክ ምክክር በኋላ ባለሙያው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ «ምክንያቱን አገኘሁት ወይ?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። «ያላየሁት ነገር ምንድን ነው? እርሱንስ ማን፣ መቼ፣ የት ያየዋል?» የሚለውም ተጨምሮ ሊጠየቅ ይገባል። ለዚህ መልስ ያለው ምክክር ሠራተኛውን የቀን ገቢውን ሳያሳጣ ወደ ትክክለኛው በር ይመራዋል። መልስ የሌለው ግን በሽታውንም ታካሚውንም በብናኙ ውስጥ ትቷቸው ይሄዳል።